ቅናሽ ሲጠራችሁ፦ ጅማ ላይ ዋጋ ሳይሸውዳችሁ የምትሸምቱበት መንገድ

በዓል ሲቃረብ ጅማ ላይ ሞንታርቦ የጫነ መኪና ሳይሰሙ መዋል ከባድ ነው። «ታላቅ ቅናሽ! እስከ ሃምሳ በመቶ! ዛሬ ብቻ!» እያለ አጂፕን ይዞራል፣ ወደ ፈረንጅ አራዳ ያልፋል፣ ሄርማታ ሲደርስ ከሰልባጅ ሻጮቹ ጩኸት ጋር ይደባለቃል። ለሽንኩርት የወጣ ሰው መጋረጃ ይዞ ይመለሳል። «ስንት ገዛኸው?» ሲሉት የከፈለውን አይናገርም፤ የተቀነሰለትን ነው የሚናገረው። «አምስት መቶ ብር ቀነሱልኝ እኮ!»

ይህ መመሪያ ከቅናሽ ሽሹ አይልም። እውነተኛ ቅናሽ አለ። ሞዴሉ ያለፈበት ጫማ፣ ሱቅ ሊለቅ ያሰበ ነጋዴ ዕቃ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው የተቃረበ ብስኩት የምር ይረክሳል። የምለው ይህን ነው፦ ቅናሹን ሻጩ ጽፎ ከሰረዘው ዋጋ ሳይሆን እናንተ ከቤት ይዛችሁት ከወጣችሁት ዋጋ ለኩት። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ያ የራሳችሁ ዋጋ እንዲኖራችሁ ነው።

በቅድሚያ፦ ለምን እንሸወዳለን?

ብርድ ልብስ ስንት ሲሆን ነው ውድ የሚባለው? ከሌላ ቁጥር ጋር ካላስተያየነው መልስ የለንም። ችግሩ ማስተያያው ቁጥር ከየትም ሊመጣ መቻሉ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ቁጥር የተጻፈበት መንኮራኩር ሰዎች ፊት ያሽከረክራሉ። መንኮራኩሩ 10 ላይ ወይም 65 ላይ ብቻ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሰዎቹ ግን ይህን አያውቁም። ከዚያ «ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ስንት በመቶ ናቸው?» ብለው ይጠይቋቸዋል። 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 በመቶ ሆነ፤ 65 የወጣላቸው ደግሞ 45 በመቶ። መንኮራኩር ስለ አፍሪካ ምን ያውቃል? ምንም። ቢሆንም ግምቱን ጎትቶታል። «የቀድሞ ዋጋ 3,500» የሚል ወረቀትም ሥራው ይኸው ነው። ባታምኑት እንኳ ይጎትታችኋል።

የኢኮኖሚ ምሁሩ ሪቻርድ ታለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ ጠቃሚ ነገር ጻፈ። ዕቃ ስንገዛ ደስታው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዕቃው ራሱ የሚሰጠን ጥቅም ነው። ሌላው «በርካሽ አገኘሁት» የሚለው ስሜት ነው። ሁለተኛው ስሜት የማያስፈልገንን ዕቃ ስንገዛም ይመጣል። ቁም ሣጥን ውስጥ ታጥፈው የቀሩት ሸሚዞች ብዙዎቹ የተገዙት በእሱ ነው።

ይህ ስሜት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ማየት የፈለገ የአሜሪካውን ጄሲ ፔኒ ይመልከት። ይህ ትልቅ የመደብር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ቅናሽና ኩፖን አቆመ፤ በኋላ ሊቀነስ ተብሎ ከፍ የተደረገውን ዋጋ ትቶ ዓመቱን ሙሉ ዝቅ ያለ ዋጋ ለጠፈ። ሐቀኛ አሠራር ነበር። ደንበኛው ግን ጥሎት ሄደ። የዚያ ዓመት ሽያጩ በሩብ ያህል አሽቆለቆለ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው በቀጣዩ ዓመት ተሰናበተ፣ ቅናሹም ተመልሶ መጣ። ሰው ዝቅ ያለ ዋጋ ብቻ አይበቃውም፤ ዋጋው ሲወርድ ማየት ይፈልጋል። ነጋዴው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ በነጋዴው ብቻ መፍረድ ልክ አይመስለኝም።

1. የዋጋ ደብተር ያዙ

ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ክፈቱ። ካልሆነም የልጆች ደብተር ጀርባ ይበቃል። ቤታችሁ ደጋግሞ የሚገዛቸውን ጻፉ፤ ጤፍ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሽንኩርት፣ የልብስ ሳሙና፣ ሕፃን ካለ ዳይፐር። ሁሉን ልመዝግብ ያለ ሰው በሳምንቱ ይሰለቻል። ከወር አስቤዛችሁ ብዙ ብር የሚበሉትን ብቻ ያዙ። ለእያንዳንዱ የት እንደገዛችሁ፣ መቼ እንደገዛችሁና በኪሎ ወይም በሊትር ስንት እንደወጣ ጻፉ።

በኪሎ ወይም በሊትር የሚለው ላይ አትለግሙ። እንበልና የአምስት ሊትር ዘይት 1,750 ብር ነው። አጠገቡ የሦስት ሊትር ዘይት ቀይ ወረቀት ተለጥፎበት «በቅናሽ 1,080 ብር» ይላል። ዓይን ወደ ቀዩ ይሄዳል። ስታካፍሉት ግን የአምስቱ ሊትር 350 ብር ይመጣል፣ የሦስቱ 360። (ቁጥሮቹ ለስሌቱ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉ የዕቃ ዋጋዎች ሁሉ እንደዚያ ናቸው።) የስልክ ካልኩሌተር ሱቅ ውስጥ ማውጣት አያሳፍርም። ባለሱቁም እኮ የሚደምረው በዚያው ነው።

እግረ መንገዳችሁን የእሽጉን ግራም እዩ። ዋጋው ሳይጨምር ግራሙ የቀነሰ ሳሙናና ብስኩት ብዙ ነው። ይህንን ማንም በሞንታርቦ አይነግራችሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እኛ አገር ዋጋ ስለሚሮጥ የቆየ ምዝገባ ያሳስታል። ከወራት በፊት የጻፋችሁትን ለዛሬ መመዘኛ ካደረጋችሁት ሁሉም ነገር ውድ ይመስላችኋል፣ ምንም አትገዙም፣ ወይም ተስፋ ቆርጣችሁ ያገኛችሁትን ትገዛላችሁ። የቅርብ ሳምንታቱን ተመልከቱ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ቅናሽ የሚያውጅ ነጋዴ ባለፉት 30 ቀናት የሸጠበትን ዝቅተኛ ዋጋ አብሮ ማሳየት አለበት። የእናንተ ደብተርም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ አንድ ወር ወደ ኋላ ማየት።

2. ዋጋ ሳትሰሙ ጣሪያ ቁረጡ

በየቀኑ ለማይገዛ ዕቃ ደብተር አይረዳም። ብርድ ልብስ፣ ምጣድ፣ ስልክ፣ ሶፋ የመሳሰለውን ለመግዛት ስትወጡ «ከዚህ በላይ አልከፍልም» የምትሉትን ቁጥር ቤት ሆናችሁ ጻፉ። ገበያ ደርሳችሁ የምትወስኑት ጣሪያ ጣሪያ አይደለም፤ ሻጩ ነው የሚሠራላችሁ።

ሄርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በሐሙስ ገበያዋ የታወቀች ናት፤ እዚያ የሚሸጥ ሰው ዋጋ መጥራት ያውቅበታል። እንዲህ ያለ ንግግር በየሱቁ ይሰማል፦

«ማዘር፣ ይቺ ብርድ ልብስ 3,500 ነበረች። ለርስዎ 2,800።»

«ውድ ነው ልጄ። 2,000 አድርግልኝ።»

«ኧረ ማዘር! የመጣችበትም አይደለም። እሺ፣ የመጀመሪያ ሸማቼ ስለሆኑ 2,500።»

«2,300፤ ከዚያ በላይ የለኝም።»

«ይሁና፤ ይውሰዱ። ዛሬ አክስረውኛል።»

እናትየዋ 1,200 ብር ያተረፉ መስሏቸው ወጡ። ነገሩን ቀስ ብለን እንየው። 3,500 ብሎ የገዛ ሰው መኖሩን የሚያውቅ የለም። ክርክሩ ሁሉ የተካሄደው ሻጩ ከጠራው ቁልቁል ነው። «2,000» ያሉት ራሱ 2,800 ስለሰሙ ነው፤ መጀመሪያ 2,200 ቢባሉ 1,500 ይሉ ነበር። ሦስት ሱቅ አልፎ ያው ብርድ ልብስ በ1,900 ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል። «አክስረውኛል» የምትለዋ ደግሞ ምርቃት ናት፤ ገዢ ቤቱ የሚወስዳት እሷን ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ሦስት ቦታ ጠይቁ፣ የትም አትከራከሩ። «እያየሁ ነው» ይበቃል። «አንተስ ስንት ትላለህ?» ከተባላችሁ ከጣሪያችሁ በደንብ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ፤ ዋጋው ከተጠራው ምን ያህል ይራቅ ብላችሁ አትጨነቁ። ካልተስማማችሁ «እመለሳለሁ» ብላችሁ የምር ሂዱ። ሰባት ስምንት እርምጃ ሳትርቁ «ና! ና እንጂ! መጨረሻ ስንት ትሰጣለህ?» የሚል ድምፅ ከመጣ ዋጋው አሁን ነው የጀመረው። ካልመጣም ጥሩ ነው፤ የመጨረሻ ዋጋው የት እንደሆነ ነገራችሁ።

ይህ ሁሉ ለትልቅ ዕቃ ነው። መሬት ላይ ቲማቲም ደርድራ ፀሐይ የምትመታትን የጉሊት እናት በአምስት ብር ማስጨነቅ እዚህ ምክር ውስጥ የለም።

3. ማስታወቂያውን እንደ ውል አንብቡት

«እስከ 50 በመቶ» ሲባል «እስከ» የምትለዋ ትንሽ ተደርጋ ነው የምትጻፈው። አንድ ጥግ ላይ ሦስት የቁጥር 46 ጫማ በግማሽ ዋጋ ተቀምጦ ሌላው ሁሉ አምስት በመቶ ቢቀነስ ማስታወቂያው አልዋሸም። ስትገቡ «ሃምሳ በመቶ የተቀነሰው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያሳዩአችሁን ካልፈለጋችሁት መውጣት ነው።

በመቶኛ ተጽፎ ከሆነ ወደ ብር ቀይሩት፣ በብር ተጽፎ ከሆነ ወደ መቶኛ። ነጋዴ ትልቅ የሚመስለውን ይመርጣል። የ40 ብር ሳሙና ላይ «25 በመቶ ቅናሽ» ይጻፋል፤ አሥር ብር ነው። የ40,000 ብር ፍሪጅ ላይ «2,000 ብር ቅናሽ» ይጻፋል፤ አምስት በመቶ ብቻ ነው።

ሁለት ቅናሽ አይደመርም። «20 በመቶ፣ ለአባል ተጨማሪ 10 በመቶ» ሲባል ብዙ ሰው 30 ይላል። 1,000 ብር መጀመሪያ 800 ይሆናል፣ አሥር በመቶው ከ800 ተነሥቶ 720 ይገባል። 28 በመቶ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ግን ያሳምማል። በዓል ሊገባ ሲል 1,000 ብር የነበረ ዕቃ በዝምታ 1,300 ይደረጋል። በዓሉ ሲቃረብ «25 በመቶ ቅናሽ» ይለጠፍበታል። ሒሳቡን ሥሩት፤ 975 ብር ይመጣል። ያን ሁሉ ግፊያ የተጋፋችሁት ለ25 ብር ነው። ይህንን ሊይዝ የሚችል ደብተር ብቻ ነው። አንዳንዴም ጥፍር፤ «የቀድሞ ዋጋ» የሚለውን ወረቀት ጠርዝ ቀስ አድርጋችሁ ስታነሡት ሥሩ የበፊቱ ዋጋ አሁንም ተለጥፎ ይገኛል።

«አንድ ሲገዙ አንድ በነጻ» ግማሽ ዋጋ ነው፤ ሁለቱን የምትጠቀሙበት ከሆነ ብቻ። «ሁለት ሲገዙ ሦስተኛው በነጻ» አንድ ሦስተኛ ቅናሽ ነው፤ ለዚያውም ሦስቱን ከፈለጋችሁ። «50 በመቶ ተጨማሪ በዚያው ዋጋ» የሚለውም ከ33 በመቶ ቅናሽ ጋር እኩል ነው። ሰው ግን እኩል አያየውም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት የእጅ ቅባት በእነዚህ በሁለቱ መንገድ ቀርቦ፣ «ተጨማሪ» የተባለው ከቅናሹ 73 በመቶ የበለጠ ተሽጧል። ሃምሳ ከሠላሳ ሦስት ይበልጣላ!

በ9 የሚያልቁ ዋጋዎችን በአጭሩ ልለፋቸው። 999 ከ1,000 በጣም ርካሽ መስሎ የሚታየን ከግራ ስለምናነብ ነው። የግብይት ተመራማሪዎቹ ኤሪክ አንደርሰንና ደንከን ሲሜስተር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሙከራ አንድ ቀሚስ በ39 ዶላር ሲሸጥ በ34ም በ44ም ከተሸጠው በላይ ገዢ አግኝቷል። በርካሹ ሳይሆን በ9ኙ! መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወደ ላይ አጠጋግታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። እኛ ጋ ደግሞ ያቺ አንድ ብር ብዙ ጊዜ አትመለስም፤ «ዝርዝር የለኝም፣ መስቲካ ልስጥሽ?» ትባላላችሁ። በቴሌብር ስትከፍሉ ቢያንስ መስቲካው ይቀራል።

4. ወቅቱን እወቁ

ጅማ ላይ ገንዘብ ወቅት አለው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ይለቀማል፤ እሸቱ ይሸጣል፣ ጀንፈሉ ይደርቃል፣ ከማና፣ ከጎማና ከሊሙ አካባቢ ብር ወደ ከተማው ይገባል። ጂፕሰሙ፣ ቆርቆሮው፣ ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ የሚፈለገው ያኔ ነው። የቅናሽ ባነሩም የሚበዛው ያኔ ነው። ይህ ጥርጣሬ ሊያጭርባችሁ ይገባል። ነጋዴ ዕቃ የሚያረክሰው ገዢ ሲጠፋ ነው፤ ገዢ በሞላበት ወር የሚሰቀል ባነር ገዢውን ከጎረቤት ሱቅ ለመንጠቅ ነው። ቆርቆሮ የምትፈልጉ የከተማ ነዋሪዎች ከሆናችሁና ጊዜ ካላችሁ ቡናው ካለፈ በኋላ ጠይቁ። ቡና አምራች የሆናችሁ ደግሞ ብሩ እጃችሁ በገባበት ዕለት ትልቅ ዕቃ አትግዙ። ፈረሱላ ቆጥሮ የተቀበለ እጅ ለሁለት ሺህ ብር ልዩነት አይሳሳም። በሳምንቱ ግን ያሳሳል።

ዕቁብም እንዲሁ ነው። ዕጣው በወጣለት ሰው ዓይን ሁሉም ዋጋ ያንሳል። ብሩን ከመቀበላችሁ በፊት የምትገዙትን በወረቀት ወስኑ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲገቡም እዩት። አንሶላ፣ ባልዲ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያና የልብስ ማስጫ ገመድ በዚያ ሳምንት «የተማሪ ቅናሽ» ይባልላቸዋል። ወላጆች፣ ዕቃውን ካላችሁበት ከተማ ጠይቃችሁ ኑ። እዚህ ያላችሁት ተማሪዎች ደግሞ ተመራቂዎች ሲወጡ ጠብቁ፤ ያኔ የሚሸጠው ዕቃ የምር ርካሽ ነው፣ ሻጩ ተሸክሞት መሄድ አይፈልግማ።

ጃንጥላና ቦት ጫማም ዝናብ ሳይመጣ ይገዛ። ጅማ ላይ ዝናቡ ስለማይቀር ይህ ምክር ሁልጊዜ ይሠራል።

5. «ነገ ይጨምራል» ሲሏችሁ

ከቅናሽ ሁሉ የሚበረታው ይኼ ነው። ሌላ አገር «ዛሬ ቀንሷል» ብለው ይሸጣሉ፤ እኛ ጋ «ነገ ይጨምራል» ማለት ይበቃል። በተለይ ብር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ «በድሮ ዋጋ የገባ ነው» የምትለው ሐረግ ከየትኛውም ባነር በላይ ትሸጣለች። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፤ ብዙ ጊዜ ልክ ሆኗል። ለዚህም ነው «አትስሟቸው» ብሎ መምከር የማይጠቅመው።

ይልቅ ሦስት ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ። ዕቃውን በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ለማንኛውም እገዛው ነበር? ሳይበላሽ ይቆያል? ብሩን ዛሬ ሳወጣ የቤት ኪራይ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ይጎድልብኛል? ዘይትና ሳሙና ፈተናውን ያልፋሉ። ሽንኩርት በኩንታል አያልፍም፤ በጅማ እርጥበት ቤት ውስጥ ቶሎ ያቆጠቁጣል። ሁለተኛ ስልክማ ጭራሽ። «የድሮ ዋጋ» ሲባልም ያው ወደ ደብተር ነው፤ ድሮ ስንት እንደነበር የጻፈ ሰው ካለ እናንተ ናችሁ።

6. ክምርና ምርቃት

ሰልባጅ ተራ «ምርጫ በሁለት መቶ! ምርጫ በሁለት መቶ!» ሲባል ዋጋው አንድ ስለሆነ አእምሮ ስለ ዋጋ ማሰብ ያቆማል። ሥራው መምረጥ ብቻ ይሆናል። ሰው አንድ ሊገዛ ጎንበስ ብሎ አራት ይዞ ቀና የሚለው ለዚህ ነው። ጎንበስ ከማለታችሁ በፊት ስንት ፍሬ እንደምትገዙ ወስኑ። ከዚያ የመረጣችሁትን ሁሉ ክንዳችሁ ላይ አድርጋችሁ ከክምሩ ራቁ፤ ብርሃን ላይ አንድ በአንድ ገልብጡ። ብብቱን፣ ዚፑን፣ አንገቱን እዩ። ግማሹ ወደ ክምሩ ይመለሳል።

ምርቃት ሌላ ነው። ሻጯ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ አንድ እፍኝ ቡና ወይም ሁለት ቃሪያ ጣል ስታደርግላችሁ በሐቅ የተጨመረ ነው፤ ተቀበሉና አመስግኑ። ዓይናችሁ ግን ምርቃቱ ላይ ሳይሆን መስፈሪያው ላይ ይሁን። ጣሳው ሥሩ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ምርቃቱ ተመልሶ እናንተው ናችሁ የከፈላችሁት። በኪሎ ይሁንልኝ ማለት ይቻላል፤ ማንም አይቀየምም።

7. ባጃጁንም ደምሩ

እ.ኤ.አ. በ1981 ካህነማንና ትቨርስኪ ሰዎችን እንዲህ ብለው ጠየቁ። 15 ዶላር የሚሸጥ ካልኩሌተር ልትገዛ ነው፤ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነድተህ ብትሄድ 10 ዶላር ታገኘዋለህ። ትሄዳለህ? 68 በመቶው እሄዳለሁ አሉ። ካልኩሌተሩ 125 ዶላር ሆኖ እዚያ 120 ነው ሲባሉ ግን እሄዳለሁ ያሉት 29 በመቶ ብቻ ሆኑ። የሚተርፈው አምስት ዶላር ያው ነው፣ መንገዱም ያው። እኛም ለ30 ብር የሳሙና ቅናሽ ከተማ እናቋርጣለን፤ የ30,000 ብር ዕቃ ላይ ለ500 ብር ግን ቀጣዩን ሱቅ ለማየት እንሰለቻለን።

ልምዱን ገልብጡት። ለትልቅ ዕቃ እግራችሁን አትቆጥቡ። ለትንሽ ዕቃ ከጂሬን ወደ ሄርማታ የምትወርዱበትንና የምትመለሱበትን የባጃጅ ሒሳብ ከቅናሹ ላይ ቀንሱ። ዕቃ ይዛችሁ ስትመለሱ ኮንትራት ልትይዙ እንደምትችሉም አትርሱ።

8. ስልክ ላይ ያለው ገበያ

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ «ዋጋ ኢንቦክስ» የሚል ሻጭ ዋጋውን እንደ ጠያቂው ይለዋውጣል ብላችሁ ገምቱ፤ በሁለት ስልክ ጠይቁና አወዳድሩ። «ሦስት ፍሬ ብቻ ቀረ» ከተባለ በሳምንቱ ተመልሳችሁ ገጹን እዩ። ያው ሦስቱ እዚያው ካሉ ገብቷችኋል። «ዴሊቨሪ በነጻ» ሲባልም ጅማ ድረስ ነው ወይስ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሞባይል ጥቅልም ቢሆን የሚያበቃበትን ሰዓት እያያችሁ ግዙ፤ ለሊት ብቻ የሚሠራ ቦነስ ለሚተኛ ሰው ቦነስ አይደለም።

9. ስትከፍሉ

ከመክፈላችሁ በፊት አንዴ ቁሙና ይህን ጠይቁ፦ ቅናሽ የሚለው ወረቀት ባይኖር በዚህ ዋጋ እገዛው ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ ያለ ጸጸት ክፈሉ። «እንጃ» ከሆነ ዕቃውን መልሱና ምሳ በልታችሁ ኑ። እውነቱን ለመናገር ከምሳ በኋላ የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ለገዢ የሚሆኑ ነገሮች አሉት። ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ መለጠፍ ወይም ዕቃው ላይ ማድረግ አለበት። ዕቃ ስላገላበጣችሁ ወይም ዋጋ ስለተከራከራችሁ ግዙ ተብላችሁ አትገደዱም። ደረሰኝ መቀበል መብታችሁ ነው። ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ ማለት ትችላላችሁ። የቅናሽ ዕቃ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም ሲመታ ብዙ ሰው ዝም ይላል። ቀለሙን ወይም ልኩን ስላልወደዳችሁት ከሆነ ክርክሩ ይከብዳል፤ የማይሠራ ምጣድ ከሆነ ግን አዋጁን ጠቅሳችሁ ጠይቁ። ካልተስማማችሁ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድ ነው።

«ያለ ደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶውን እቀንስልሃለሁ» የሚለው ቅናሽ ይህን ሁሉ የሚያሳጣችሁ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱን ነው የቀነሰላችሁ፤ ምጣዱ ሲበላሽ ግን የምታሳዩት ወረቀት የለም። ደረሰኝ ስትቀበሉ ቀኑንና የዕቃውን ስም እዚያው ሆናችሁ አንብቡ። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል፤ የዚያኑ ዕለት ማታ ፎቶ አንሡትና ከዋጋ ማስታወሻችሁ ጋር አስቀምጡት።